ሲቢአር 600 ኤፍ3፦ ከ5,000 ዙር በላይ አትስብም፤ ማርሚታና ፊልትሮ ከመግዛቴ በፊት ምከሩኝ

ለገጣፎ_ማዶ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ አንብቤ ነበር የማልፈው፣ አሁን ግን የራሴ ጉዳይ አስጨንቆኝ መጣሁ።

ግንቦት ላይ ከአገር ሊወጣ ከነበረ ሰው ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ3 ገዛሁ፣ በፈረንጆቹ የ1997 ምርት ናት። አራት ሲሊንደር፣ አራት ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቀልበት)። ተማሪ ሳለሁ ፎቶዋን ደብተሬ ላይ ለጥፌ የዞርኩባት ሞተር ናት። ክረምቱን ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ከረመች፤ የሰፈራችን ጭቃ እስኪደርቅ እንኳን ሞተር፣ ሰውም የሚወጣው በቦቲ ነው። መስከረም ላይ ሳስነሳት እምቢ አለች። ቤንዚኑ ሦስት ወር ውስጧ ተኝቶ ስለነበር አንድ ጋራዥ ወስጄ ካርቡራቶሯን አሳጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋም (ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞረው ዙር) ደህና ነው። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ኢንጂኗ በደቂቃ እስከ 5,000 ዙር እሺ ብላ ትሄድና ከዚያ በላይ ጋዝ ስሰጣት ትታነቃለች። ድምጿ ይወፍራል እንጂ ፍጥነት አትጨምርም። እሁድ ከሰንዳፋ ስመለስ ሚኒባስ ቀድሞኝ ሄደ። የቤንዚን ሽታ አላት፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አፍም ጥላሸት ይዟል።

ለሷ ብዬ ያጠራቀምኳት ትንሽ ገንዘብ አለች። ያሰብኩት ክፍት ማርሚታ፣ አራት ኮን ፊልትሮ (ያለ ሳጥን የሚገጠም የአየር ማጣሪያ)፣ የኤልኢዲ መብራትና ብትወድቅ ገላዋን የሚጠብቅላት የጎን መከላከያ ነው። ማርሚታውና ፊልትሮው ይህን መታነቅ ይፈቱልኛል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።


ማርሽ_ስድስት | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 3፡15

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እንደኔ ችግሯ አየር ነው። የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውልቀህ ኮን ፊልትሮ ግጠምላት፣ ማርሚታውንም ክፈትላት። እኔ አፓቼዬ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ልዩነቱ ወዲያው ነው የሚሰማህ። ኢንጂን መተንፈስ አለበት።


ጋሽ_ካንዴላ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዝ።

መጀመሪያ የምንኖርበትን ቦታ አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ስትወጣ 3,000 ታልፋለህ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሲሊንደርህ በሳበ ቁጥር የሚያገኘው የሳሳ አየር ነው። ጄቷ ግን ፋብሪካ ውስጥ የተለካችው ለዝቅተኛ አገር ነው። ጄት የምንላት የሽምብራ ፍሬ የምታክል ናስ ናት፣ ቤንዚኑ የሚያልፈው በመሀሏ ቀዳዳ ነው። አየሩ ሳስቶ ቀዳዳዋ ያው ከሆነ ቤንዚን ይበዛል። ሽታውና ጥላሸቱ በከፊል ከዚህ ነው። የነዚህ ካርቡራቶሮች አሠራር ከፍታውን በመጠኑ ያካክሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በል። 100 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚባል ኢንጂን እዚህ ከ75 እስከ 80 ቢሰጥ ነው። የጎደለው አየር ነው፣ የጎደለውን አየር ደግሞ ማርሚታ አያመጣም። ድምፅ ይጨምራል፤ ድምፅ ሲጨምር ሰው ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል።

ኮን ፊልትሮውን በተመለከተ ከማርሽ ስድስት ጋር አልስማማም። ያንተ ካርቡራቶሮች ውስጥ ያሉት ስላይዶች፣ የአየሩን መንገድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት፣ በቫኩም ማለትም በኢንጂኑ ስበት ነው የሚነሱት። የፊልትሮ ሳጥኑ የአየሩን ፍሰት ያረጋጋላቸዋል። እሱ ሲወልቅ ኢንጂኑ መሀለኛው ዙር ላይ ይቆራረጣል፣ አራቱን መልሶ ማስማማት ደግሞ የወራት ሥራ ነው። አፓቼ ባለ አንድ ሲሊንደር ናት፤ እሷ የቻለችው እዚህ አይሠራም። የናንተን ሰፈር አቧራ ጨምርበት።

አሁን ወደ ሕመሟ። ጥፋቱ የከፍታ ብቻ ቢሆን ግንቦት ላይም እንዲህ ትሆን ነበር። ያኔ እንዴት ነበረች? ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) አራቱንም አውጣና ተራቸውን ሳታምታታ ጨርቅ ላይ ደርድረህ ፎቶ አንሳልኝ። ካርቡራቶሩን ያጠበው ሰውስ በትኖ ነው ያጠበው ወይስ ስፕሬይ ነፍቶ?


አር_ሦስት | ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሼ የተናገረው ልክ ነው። የኔ ያማሃ አር3 ናት፣ 321 ሲሲ፣ ባለ ኢንጀክሽን፣ ካርቡራቶር የላትም። የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላላት ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች፣ ስለዚህ አትታነቅም፤ የጎደለው ጉልበት ግን እሷም ላይ ጎድሏል።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ምንም ከመግዛትህ በፊት የጎማህን ዕድሜ እይ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2318 ቢል በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ በፈረንጆቹ። ከውጭ የገቡ አሮጌ ሞተሮች ጥርሱ ያላለቀ ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ዓለም ገና ኮብልስቶን ላይ፣ ካፊያ ነገር እያለ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወድቄያለሁ። ጎማው አዲስ ይመስል ነበር፣ ቁጥሩን ሳየው 9 ዓመቱ ነበር።

ጎሚስታ ስትሄድም ከአጠገቡ አትጥፋ። ባለፈው ዓመት ሚስማር ወግቶኝ አንድ ቦታ ብሰጥ፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ካላማዳሪ ከቶበት ጠበቀኝ። የኔ ቸርኬ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ነው፤ ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። ካላማዳሪ ሲገባበት ግን በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። አስወጥቼ ከውስጥ በኩል አስለጠፍኩት።


ለገጣፎ_ማዶ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግንቦትና ሰኔ ደህና ነበረች። ትንሽ ከበድ ትላለች እንጂ እስከ 11,000 ዙር ትወጣ ነበር። መታነቁ የመጣው ከታጠበች በኋላ ነው።

ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ ፎቶው ከታች አለ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። ሦስተኛው ግን ከነሱ ይለያል። መካኒኩን ደውዬ ጠየቅኩት፤ “ከላይ ክዳኑን ሳልከፍት በስፕሬይ ነው ያጸዳሁት” አለኝ።

እህቴ አር ሦስት፣ የኋላ ጎማዬ 1016 ይላል። ደነገጥኩ።


ጋሽ_ካንዴላ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡30

ሦስተኛው መለየቱ ትልቅ ነገር ነው የነገረን። ከፍታ ቢሆን አራቱንም እኩል ነበር የሚመታው። አንዱ ብቻ ሲለይ ሕመሙ የዚያ ሲሊንደር ነው።

የጠረጠርኩትን ልንገርህ። እያንዳንዱ ስላይድ አናቱ ላይ ከስስ ላስቲክ የተሠራ ሽፋን አለው፣ ዲያፍራም እንለዋለን። የካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ ለብረት ነው የተሠራው። ላስቲኩን ሲያገኘው ያሳብጠዋል፣ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ያንተ ላስቲክ ከ25 ዓመት በላይ ኖሯል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስፕሬይ ከመንፋቱ በፊት ዲያፍራሞቹን አውጥቶ ያስቀምጣል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) አንሳ፣ የፊልትሮ ሳጥኑን ክዳንና ፊልትሮውን አውጣ። የነቀልከው የቫኩም ቱቦ ካለ ጫፉን ድፈነው። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ለሁለት ደቂቃ ይበቃሃል። ኢንጂኑን አስነሳና አንድ ሰው ጋዝ ቶሎ ቶሎ እየነካ ይልቀቅልህ፤ አንተ ከላይ ባትሪ አብራና ወደ አራቱ አፎች ተመልከት። አራቱም ስላይድ እኩል ዘለው እኩል መውረድ አለባቸው። ፊትህን አታስጠጋ፣ ነበልባል ሊተፋ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግቢው ውስጥ አይኑር።


ለገጣፎ_ማዶ | ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 9፡10

ጋሼ! አገኘሁት!

ታናሽ ወንድሜ ጋዝ እየሰጠ እኔ ተመለከትኩ። ሦስቱ ስላይዶች እንደ ፒያኖ ቁልፍ አንድ ላይ ብድግ ብድግ ይላሉ። ሦስተኛው ትንሽ ይንቀጠቀጥና ቁጭ። ኢንጂኑን አጥፍቼ በጣቴ አንድ በአንድ አንስቼ ለቀቅኳቸው፦ ደህናዎቹ እየተንሳፈፉ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ሦስተኛው ግን ጠብ ብሎ ወደቀ።

ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ዲያፍራሙን አወጣሁት። በዓይን ሲታይ ምንም የለበትም። ግቢው በር ላይ ቆሜ ወደ ፀሐይ አንስቼ በጣቶቼ ለጠጥ ሳደርገው፣ ጠርዙ እጥፋት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብልጭ አለች። ሁለተኛዋ ከጎኗ አለች፣ ከሷም ታንሳለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳችኝ ይህችው ናት!

ሌሎቹ ሦስቱ አልተቀደዱም፣ ግን አብጠዋል፤ ቦታቸው ላይ መልሼ ለመግጠም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።


ማርሽ_ስድስት | ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 9፡40

እንዲህ ነው እንጂ! እኔም ተምሬያለሁ፣ ፊልትሮ ያልኩትን አንሻለሁ። ለጊዜው በካላማዳሪ ማጣበቂያ ብትደፍነውስ?


ጋሽ_ካንዴላ | ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 10፡30

ጎበዝ ልጅ።

ማጣበቂያው ለሁለት ቀን ይይዛል፣ ቤንዚኑና መተጣጠፉ ሲደጋገም ይላቀቃል። የተላቀቀው ቁራጭ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሶማሌ ተራ ወርደህ ጠይቅ፣ አራት ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ስብስብ አንዳንዴ ይገኛል። ግን ያው 25 ዓመት የሞላው ላስቲክ ነው የምትገዛው። አዲሱን አራቱንም አንድ ላይ ከውጭ ብታስመጣ ይሻላል፣ ክብደታቸው ከፖስታ አይበልጥም።

ካስመጣህ አይቀር ከነበረው ሁለት ቁጥር ዝቅ ያሉ አራት ጄቶችም አብረው ይምጡልህ። ያለውን ጄት በብየዳ ደፍኜ በቀጭን መሰርሰሪያ ልብሳው የሚልህ ካጋጠመህ እሺ እንዳትል። ከአራቱ ቀዳዳ አንዱ በፀጉር ያህል ቢለይ ኢንጂኑ አይስማማም።


ሱሉልታ_ንጋት | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 12፡50

የሥራ ባልደረባዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዱባይ ይመለሳል፣ በሻንጣው ያመጣልሃል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

እስከዚያው ካቴናዋን ብታይ ጥሩ ነው። ክረምት ቆማ የከረመች ሞተር ካቴናዋ ዝጎ ይጠብቅሃል። እኔ የተቃጠለ ዘይት ነው የምቀባው፣ ምንም ወጪ የለውም።


አር_ሦስት | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 1፡35

ወንድሜ ሱሉልታ፣ በተቃጠለው ዘይት ላይ እንከራከር። የተቃጠለ ዘይት ከኢንጂን የታጠበ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ የተሸከመ ነው። ያን ካቴና ላይ መቀባት በአሸዋ እንደማሸት ነው። የነዚህ ሞተሮች ካቴና በየመጋጠሚያው ትንንሽ የላስቲክ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ውስጡ ያለውን ግራሶ ይዞ ያቆያል። ስለዚህ በቤንዚን አይታጠብም። እኔ በላምባና በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በስሱ እቀባዋለሁ፣ ሌሊቱን ያድርና ትርፉን እጠርገዋለሁ። ክረምት ላይ ዝናብ በመታኝ ቁጥር፣ በጋ በየ500 ኪሎ ሜትሩ።

ላቫጆ ላይም የውሃውን ግፊት ወደ ካቴናውና ወደ ቸርኬው መሀል አታስመቱ። ቀለበቶቹን አልፎ ይገባል፣ ኩሽኔታውንም ያበላሻል። እኔ ግቢዬ ውስጥ በባልዲና በስፖንጅ ነው የማጥባት፣ ሥራው ራሱ ያስደስተኛል።

የካቴናው ልልነት ደግሞ ሞተሯ ላይ ባለው ተለጣፊ ልክ ይሁን፣ የብዙዎቹ ስፖርት ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማውን እያዞርክ በጣም የጠበቀበትን ቦታ ፈልገህ እዚያ ላይ ለካ። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ከላላው ይልቅ ይጎዳል፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ነው የሚበላው።


ሱሉልታ_ንጋት | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 2፡00

ተቀብያለሁ እህቴ። የኔ ካቴና በየዓመቱ የሚያልቀው ለካ ለዚህ ነው።


ጋሽ_ካንዴላ | ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 2፡15

ካቴና ከተነሳ፣ ለገጣፎ ማዶ፣ ማርሚታ ልትገዛበት ካሰብከው ገንዘብ በጣም ትንሿን አውጥተህ የምታገኘው ጉልበት አለ። ካቴናው ሲያልቅ የፊቱን ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ) በአንድ ጥርስ ቀንሰው። በ15 ፋንታ 14 ስታደርግ የኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በየማርሹ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከላይኛው ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ግን ሰንዳፋ መንገድ ላይ፣ አህያና ባጃጅ እየተሻገረ፣ ያን ፍጥነት የት ትነዳዋለህ? ከፍታው የወሰደብንን ከምናስመልስባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ዘይት ስትቀይር የመኪና ዘይት እንዳትጨምር። ፍሪሲዮኗ እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የመኪና ዘይት የሚያንሸራትት ቅመም አለው፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ጽሑፍ ፈልግ።

ራዲያተሩንም የቧንቧ ውሃ ብቻ አታጠጣው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ክዳኑ በግፊት ይዞ መፍላቱን ያዘገየዋል፣ ክዳኑ ከደከመ ግን ምንም አያስጥልህም። የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል።


ለገጣፎ_ማዶ | ሕዳር 2፣ ከምሽቱ 3፡05

ቤተሰብ፣ ዕቃው መጣ። የሱሉልታ ንጋት ባልደረባ ሻንጣው ውስጥ ካልሲ መሀል ጠቅልሎ አመጣልኝ፣ ውለታውን አልረሳም።

አራቱን ዲያፍራም ቀየርኩ፣ ጄቶቹን ቀየርኩ። ከዚያ ጋሼ በስልክ እየመራኝ አራቱን ካርቡራቶር አስማማሁ። መለኪያ ስለሌለኝ አራት ሜትር ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁ፣ ሳንቃ ላይ በዩ ቅርፅ አሰርኩት፣ መሀሉ ላይ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨመርኩ። ሁለቱን ጫፎች የሁለት ሲሊንደሮች የቫኩም ቀዳዳ ላይ ስሰካ፣ የበለጠ የሚስበው ዘይቱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ዘይቱ ሁለቱም በኩል እኩል እስኪቆም የካርቡራቶሩን ማስማሚያ ቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው። ሁለት ሁለት እያደረግኩ ስጨርስ ሚኒሞዋ ተለወጠ። ድሮ የሚንቀጠቀጠው መስታወት ላይ አሁን የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ጥርት ብሎ ይታያል።

እሁድ ንጋት ላይ በሱሉልታ አድርጌ ጫንጮ ድረስ ሄድኩ። የባሕር ዛፉ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም ነበር። በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ከፈትኩላት፦ 5,000፣ 6,000፣ 8,000፣ ምንም መታነቅ የለም! አዲስ የኋላ ጎማ፣ የታጠበ ካቴና፣ ያው የፋብሪካው ማርሚታ። ስመለስ ካንዴላዎቹን አወጣኋቸው፣ አራቱም ቡና በወተት መስለዋል።

የተረፈችኝ ገንዘብ የጎን መከላከያና ለራዲያተሩ የሽቦ መረብ ገዛችልኝ። መረቡ የኛ መንገድ ጠጠር ስለሚወረውር ነው። የስልክ ቻርጀሩን በፊውዝ አድርጌ፣ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ አሠርቻለሁ፣ ባትሪዬን እንዳይጨርስ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሱሉልታ ልጆች ጋር ቅዳሜ ዓባይ በረሃ ልንወርድ ነው። ጄት ቀንሻለሁና ቆላ ስወርድ ችግር አለው?


ጋሽ_ካንዴላ | ሕዳር 2፣ ከምሽቱ 3፡50

ጥሩ ጠየቅክ። ጎሃ ጽዮን ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነህ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከ1,000 ሜትር ብዙ አትርቅም። አየሩ ይወፍራል፣ ያንተ ጄት ግን ለደጋ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ አሁን ቤንዚኑ ወደ ማነስ ያዘነብላል፣ ቤንዚን ያነሰው ኢንጂን ደግሞ ይግላል።

ስትወርድ ጋዝ ስለማትሰጣት ምንም አትሆንም። መጠንቀቅ ያለብህ መውጫው ላይ ነው። ከድልድዩ ተነስተህ ሽቅብ፣ በሙቀት፣ ጭነት ይዘህ ነው የምትወጣው። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ጋዝ እስከ መጨረሻው አትክፈት፣ ዝቅ ባለ ማርሽ ዘና ብለህ ውጣ። የሙቀቱን መለኪያ እያየህ ሂድ፣ ከፍ ካለ ጥላ ፈልገህ ቁም።

ቁልቁለቱ የሚፈትነው ፍሬኑን ነው። የፍሬን ዘይትህ መቼ ተቀየረ? ዶት 4 አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ዝቅ ይላል። ያንተዋ ክረምቱን ሸራ ስር የከረመች ናት። ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እጀታው እስከ መያዣው ድረስ ባዶ ይገባልሃል። ነገ ቀይረው፣ የዘይቱ ማያ ብርጭቆ ላይ ቡናማ ሆኖ ከታየህ ደግሞ ዛሬውኑ።


ለገጣፎ_ማዶ | ሕዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡10

አሁን ባትሪ ይዤ ወጥቼ አየሁት ጋሼ። ጥቁር ሻይ መስሏል። ነገ ከሥራ መልስ እቀይረዋለሁ። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከሱሉልታ እንነሳለን፣ ድልድዩ ጋ ደርሰን ስንመለስ የአራቱንም ካንዴላ ፎቶ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።